ከምሰሶው ጀርባ የቆመው ብቻ

ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና በአዳራሹ መስኮቶች ሳትገባ፣ በስፖርት ቤቱ ውስጥ የነበሩት አሰልጣኙ፣ ሁሉም ሲስተር እያለ የሚጠራት ነርስ፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ሾፌር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከምሰሶው ጀርባ ቦታውን የያዘው ቦርጮ፣ ሌሎች የዘወትር ደንበኞች፣ እንዲሁም በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ክርኑን አስደግፎ የሚያያቸው የቤቱ ባለቤት ሻምፒዮን ነበሩ። ሻምፒዮን የተባለው በጎረምሳነቱ ብረት አንስቶ ዋንጫ ስለበላ ነው። ዋንጫው ዛሬም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እስክሪብቶና መቀስ ይቀመጥበታል።

አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለሰዎቹ፣ ፊቱን ለግድግዳው መስታወት ሰጥቶ ቆመ። እሱ ቁጢጥ ሲል እነሱም ቁጢጥ ይላሉ፤ እሱ ሲነሳ ይነሳሉ። ዓይኖቹ ግን አንድ ቦታ አያርፉም። መስታወቱ ውስጥ የራሱን ትከሻ አልፈው ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ተረከዝ፣ ከተረከዙ ወደ ሦስተኛው ሰው ወገብ ይዘላሉ። ሲስተር፣ ተረከዝ። ጋሼ፣ ደረት ቀና። ጉልበት ወደ ውጭ፣ ጉልበት ወደ ውጭ። ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ቀጥ በሉ» ስለሆነ ደንበኞቹ እሱ በሌለበት ቀጥ በሉ መጣ፣ ቀጥ በሉ ሄደ ይሉታል። እሱ ባለበት ግን ኮች ነው።

በሰፈሩ የታወቀበት አንድ ጠባይ ነበረው። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ብረት አያስነካውም። መጀመሪያ የመጥረጊያ እንጨት ያስይዘውና ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ቁጢጥ እንዲል ያዘዋል። ቀጥሎ በአንድ እግሩ ያቆመዋል። ከዚያ ከአነስተኛ ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል። እሱ ዙሪያውን እየዞረ ያያል፤ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል ወይ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል ወይ፣ ወገቡ ይጎብጣል ወይ፣ ዳሌው ወደ አንዱ ጎን ይሸሻል ወይ። ያየውን ጉድለት ሳያስተካክል ክብደት አይሰጥም። ደረታቸውን ነፍተው የመጡ ጎረምሶች መጥረጊያ ልንይዝ ነው እንዴ የመጣነው እያሉ አኩርፈው ሄደዋል። እሱ ግድ አልነበረውም። በእኔ እጅ ሰው አይጎዳም ይል ነበር፣ አፉን ሞልቶ።

ያን ሰኞ ግን ልምምዱ አልቆ ሁሉም ፎጣውን ሲያነሳ ሾፌሩ ወደ በሩ አልሄደም። የቀኝ ወገቡን በመዳፉ ደግፎ ቆመ።

«ኮች፣ ይቺ ነገር አልለቀቀችኝም» አለ።

አሰልጣኙ ባለፈው ጊዜ ጥፋቱን በአውቶቡሱ ወንበር ላይ አላክኮት ነበር። አሁንም ስለ ወንበሩ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሲስተር ጣልቃ ገባች። የእሷ ደግሞ ቀኝ ጉልበቷ ነው፤ ደረጃ ስትወርድ ይወጋታል። ቀኑን ሙሉ ሐኪም ቤት ቆሜ ስለምውል ነው ብላ ዝም ብላ ኖራለች። ከፊት ረድፍ የሚቆመው ልብስ ሰፊም ሳይጠየቅ የቀኝ ዳሌውን እያሸ ተጠጋ።

«እንዴ፣ ሁላችንንም አንድ አውቶቡስ ነው የገጨን?» አለ ሾፌሩ። ሳቁ። አሰልጣኙም ለመሳቅ ሞክሮ አልመጣለት አለ።

ሰዎቹ ሲወጡ ሻምፒዮን በጣቱ ጠራው። ሻምፒዮን ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አሁን ጭራሽ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር።

«ሰው እዚህ የሚመጣው ህመሙን ሊጥል ነው እንጂ አዲስ ሊሸምት አይደለም። ይሄን ነገር አጣራ። አንተ ካላጣራኸው የሚያጣራ ሰው አላጣም።»

የዚያን ቀን ግን አሰልጣኙን ከሻምፒዮን ንግግር ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ቅዳሜ ታናሽ እህቱ የእሳት አደጋ መከላከያ የቅጥር ፈተና አለባት። የአሸዋ ከረጢት ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች፤ የውሃ ጎማ ትጎትታለች፤ መጨረሻ ላይ ከሰው ደረት ከሚደርስ መድረክ ዘልላ ትወርዳለች። ዕድሜዋ ለዚያ ቅጥር የሚፈቀድላት የመጨረሻው ዓመት ይህ ነው፤ የሚመጣው ዓመት ማስታወቂያ እሷን አይመለከትም። ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ በሰው ሱቅ ቆማ ጨርቅ ስትለካ ኖራለች። የምታወራው ግን ሌት ተቀን ስለዚያ ቀይ መኪና ነው። መኪናው በመንገድ ሲያልፍ ሜትሩን በእጇ እንደያዘች ደንበኛ ጥላ በር ላይ ትወጣ ነበር።

ወራት ሙሉ ያሠለጠናት እሱ ነው። ከሥራ ስትወጣ ወደ እሱ ቤት ትመጣለች፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ ፊት ለፊት ይቆማሉ። እሱ ሲወርድ እሷ ትወርዳለች፣ እሱ ሲዘል እሷ ትዘላለች። ሚስቱ በመስኮት እያየች ሁለት ዶሮ ትመስላላችሁ ትላቸዋለች።

በዚያ ሰኞ አመሻሽ ላይ ስትመጣ፣ ከበሩ ወደ ግቢው በሚያወርደው ደረጃ ላይ ግድግዳውን በእጇ ነካ አደረገች። ነካ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ልብ አይለውም።

«ሚጢዬ፣ የቱ ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ጉልበትሽ።»

«ደግሞ ጀመርክ፣ ወንድም ጋሼ። ምንም አልሆንኩም።»

ግቢው ውስጥ ያለ ሣጥን ላይ አውጥቶ አንዴ ዝለይ አላት። ስታርፍ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እጥፍ አለ፣ አንድ ሰው በገመድ እንደሳበው። ፊቷ ተጨማደደ፤ ይህን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ የታሰረውን የጫማ ክር እንደገና ታስር ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው ህመሙ ሳምንታት እንደሆነው የተናገረችው። ብነግርህ ታስቆመኛለህ ብዬ ነው አለች፣ አንገቷን ሳታነሳ።

በማግስቱ ሲስተር ከሥራዋ በፊት መጥታ ጉልበቱን አየችላት። እዚህም እዚያም ተጫነች፤ እግሯን አጥፋ ዘረጋች። አልተቀደደም አለች፤ ግን ተለጥጧል፣ ተቆጥቷል። ክፉ አስተራረፍ አንዴ ካገኘው ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰ ደግሞ እሳት አደጋ ቀርቶ የሱቁንም ደረጃ እየተንፏቀቀች ነው የምትወጣው። ሲስተር ይህን የተናገረችው ስለ ዝናብ እንደምታወራ ዓይነት ነው፤ የነርስ ወግ እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ግን መቀመጫ አጣ።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባው። የስፖርት ቤቱ ሰዎች ሁሉ የሚያማቸው በቀኝ ነው። የእህቱ ግን ግራ ነው። እንግዲያው ምክንያቱ አንድ አይደለም አለ በልቡ። እንዲህ ብሎ ከለያያቸው በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ምክንያት ፍለጋ ገባ።

በወለሉ ጀመረ። ምናልባት አዳራሹ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይሆናል ብሎ ኳስ አስቀመጠበት፤ ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ውሃ በሳህን ሞልቶ አስቀመጠ። በመጨረሻም ጉንጩን መሬት ላይ አስተኝቶ ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ዓይኑ ተመለከተ። ሻምፒዮን ገብቶ እንደዚያ ሆኖ አገኘው።

«ምን አለህ ወለሉ?» ብሎ ጠየቀው።

ከወለሉ ወደ ጫማ ዞረ። ደንበኞቹ በር ላይ የሚያወልቁትን የውጭ ጫማ እያነሳ፣ ሶሉ በየት በኩል እንደተበላ እያገላበጠ ሲያይ ልብስ ሰፊው ደረሰበትና፣ ኮች ከሆነህ ውሰደው፣ ለእኔም ሰፍቶኛል አለው። ከጫማ ወደ መንገድ ወጣ። ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ዳሌ እያየ፣ የቱ እግር ይረዝማል፣ የቱ ትከሻ ይወርዳል እያለ ሊገባበት የነበረውን ቤት አለፈ፤ ተመልሶም አለፈው። አንዲት ሴትዮ ዘወር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ ስታየው ነው የነቃው።

ይህን ለሚስቱ ነገራት። እሷ ደግሞ ቀልድ አትፈራም። «የሰው ሚስት ዳሌ ላይ ዓይንህን እንደተከልክ አንድ ቀን ትደበደባለህ። እኔም መጥቼ አልገላግልህም» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩን ከአዳራሹ ኋላ ባለው መስኮት ደፍ ላይ፣ በሳሙና ደግፎ አቆመው። ሰዎቹን ከኋላ ሊቀርጻቸው አስቦ ነው። ደንበኞቹ እንዳያውቁ ካሜራውን ብቻ አስቀርቶ ፎጣ ጣል አደረገበት፤ ምክንያቱም ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ለፈተና እንደተጠራ ተማሪ ነው፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ቀጥ ይላል። ልምምዱን በቸልታ ሠሩ። ሾፌሩ እያዛጋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፊልሙን ከፈተው። ሚስቱ ከማዶ ድንች ትልጣለች። በመጀመሪያ ሾፌሩን ብቻ አየ። ሲወርድ ዳሌው ወደ ቀኝ ሸሸት አለ። መልሶ ሲስተርን አየ። ወደ ቀኝ። ልብስ ሰፊውን። ወደ ቀኝ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ አንድ ሰው ላይ ዓይኑን ሳይጥል ሁሉንም ባንድ ላይ ሲመለከት ፊልሙን ከመጀመሪያው መልሶ ከፈተው። ሁለቱም ረድፎች ሲወርዱ፣ ነፋስ እንደተኛበት ሣር፣ ባንድነት ወደ ቀኝ ዘመም ይላሉ፤ ሲነሱ ይቃናሉ። የእያንዳንዱ ዝንባሌ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ሲታይ ዓይን አያስተውለውም። ሁሉም ባንዴ ሲያደርጉት ግን አዳራሹ የሚያጋድል ይመስላል።

ይባስ ያስጨነቀው ሌላ ትዝታ ነበር። እነዚህን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ በመጥረጊያ እንጨት ያያቸው እሱ ራሱ ነው። ሾፌሩ ያኔ ተረከዙ ብቻ ነበር የሚነሳው፤ ዳሌው እንደ ሚዛን ቀጥ ያለ ነበር። የሲስተርም እንዲሁ። ይህን ዝንባሌ ከቤታቸው ይዘውት አልመጡም። እዚሁ ነው የተማሩት።

ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሳ። ሚስቱ ቢላዋውን አቆመች።

«እንግዲህ ወይ ተቀመጥ ወይ ድንች ላጥ» አለችው።

ለአምስተኛ ይሁን ለስድስተኛ ጊዜ ሲያየው አንድ የማይዘም ሰው አገኘ። ከምሰሶው ጀርባ የሚቆመው ቦርጮ ነው። ቦርጮ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ የሚደክመው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሲነሳ ጉልበቱን በእጁ የሚገፋው ሰው ነው። ነገር ግን ሲወርድ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ከላይ በክር እንደተንጠለጠለ ድንጋይ።

ሐሙስ ጠዋት አሰልጣኙ ከማንም በፊት ቦርጮን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። ሰውዬው ሊወቀስ መስሎት ገና ሳይጠየቅ ሰበብ ጀመረ፤ ትናንት በደንብ አልተኛሁም፣ አመጋገቤንም አስተካክላለሁ አለ። አሰልጣኙ ግን የጠየቀው ሌላ ነው፤ ቁጢጥ ስትል ማንን ነው የምታየው?

«ማንንም» አለ ቦርጮ። «ከዚያ ሆኜ አንተ አትታየኝም፣ ኮች። ድምፅህን እየሰማሁ ነው የምሠራው። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ እዚያ የቆምኩትም አንተ ራስህ እንዳታየኝ ብዬ ነው።»

አሰልጣኙ አመስግኖት ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ስልኩን ከፈተ። ፊልሙ ውስጥ እስካሁን ዓይኑን ያልጣለበት አንድ ሰው ነበር። ከሁሉም ፊት፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ሰውዬ። እሱን ብቻ አየው። ሰውዬው ሲወርድ ዳሌው ወደ ቀኝ ሸሸ። ሲነሳ ተመለሰ። እንደገና ወረደ፤ እንደገና ሸሸ። ከኋላው ያሉትም የሚያዩትን ሰው ተከትለው ሸሹ።

በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ግራ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር። ለብዙ ጊዜ አንክሷል፤ ከዚያ ድኗል። ስለዳነ ረስቶታል፤ ዛሬም ጠብ የሚል ህመም የለውም። ሰውነቱ ግን አልረሳም፤ ግራውን እያዳነ ሸክሙን ወደ ቀኝ ማሳለፉን ቀጥሎበታል። እሱ ራሱ ለምዶታልና ሰውነቱ ተሸክሞታል። ሌሎቹ ግን ያልነበረባቸውን ጉዳት ጠባይ ያለ ጉዳቱ ተዋሱት። መስታወቱም አልረዳው፤ ፊቱን ለመስታወት ሰጥቶ በቆመባቸው ዓመታት ሁሉ የሚያየው እነሱን ነበርና።

ለማረጋገጥ የስፖርት ቤቱን ሚዛን አወጣ፤ ሲስተርም ከቤቷ አንድ አመጣችለት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀኝ እግሩን በአንዱ፣ ግራውን በሌላው ላይ አድርጎ ቆመ። ቀጥ ብሎ ሲቆም መርፌዎቹ ተስተካከሉ። ቁጢጥ ሲል የቀኙ ሽቅብ ሮጠ፣ የግራው ወደ ኋላ ቀረ። ሲስተር ጎንበስ ብላ አየችና፣ ኮች፣ መጥረጊያውን አንተን ማን አስይዞህ ያውቃል ብላ ጠየቀችው። ማንም አላስያዘውም።

ሚዛኖቹን እየሰበሰበ ሳለ የእህቱ ነገር መጣበት። እዚህ ጀርባውን ሰጥቷቸው ስለሚቆም የእሱ ቀኝ የእነሱም ቀኝ ነው። በግቢው ግን ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። እሱ ወደ ቀኙ ሲያዘነብል፣ እንደ መስታወት የምትከተለው እህቱ ወደ ግራዋ ታዘነብላለች።

ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ ነገሩን እንዴት እንደሚጀምርላት አጣ። እህቱ መጥታ ካልሲዋን ስታስተካክል ቀረብ ብሎ ተቀመጠና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገራት። ፊልሙን አሳያት። ከስፖርት ቤቱ ይዟቸው በመጣው ሚዛኖች ላይ አቁሟት መርፌው በግራ በኩል ሲሮጥ እንድታይ አደረጋት።

«እና ምን ልትለኝ ነው?» አለች።

«ቅዳሜ አትሂጂ።»

«ካልሄድኩ ሌላ ዓመት የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አንተን ከማየት ሌላ ምን አጠፋሁ? አድርጊ ያልከኝን አደረግኩ። እንደምታደርገው አደረግኩ።» ጣቷን ወደ እሱ ጠቆመች። «ልክ አንተን ነው የመሰልኩት፣ ወንድም ጋሼ።»

ሚስቱ ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ ወጣችና በሁለቱ መካከል ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ለማንም ሳታደላ እጇን በእህቱ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ከዚያ አሰልጣኙ እንደ ሥራው ማሰብ ጀመረ። ወራት የገባ ልማድ በሁለት ቀን አይወጣም። ዝላይ ሰው አስቦ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም፤ እግር መሬት እስኪነካ ድረስ ሰውነት የለመደውን አድርጎ ይጨርሳል። ደረጃ መውጣትና ጎማ መጎተት ግን በቀስታ የሚሠራ ስለሆነ ልታስብበት ትችላለች። መድረኩ በጎኑ መሰላል አለው፤ ደንቡ በመሰላል የወረደ ሰው ሰዓት ይባክንበታል እንጂ ይውደቅ አይልም።

«ሂጂ እንግዲህ። መድረኩ ላይ ስትደርሺ ግን በመሰላሉ ውረጂ» አላት።

«ሁሉም እየዘለለ እኔ በመሰላል?»

«አዎ።»

እሺም እምቢም ሳትል ተነሳችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ከኋላዋ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሠርቶ አላሳያትም፤ በድምፅ ብቻ ነው። ውረጂ። ቀኝሽ ላይ ጨምሪ። ሌላ ጨምሪ። አሁን እኩል ነሽ፣ ያዥው። ከረጢቱን ተሸክማ በዝግታ ስትወጣና ስትወርድ፣ በሁለቱ ሚዛን ላይ ስትቆምና ስትነሳ ግቢው ጨለም አለ። ስትሄድ ለሚስቱ ብቻ ደህና እደሪ አለች።

ዓርብ ጠዋት ለደንበኞቹ ነገራቸው። አላስጌጠውም፤ የያዝኩት ልማድ ነው የተጋባባችሁ አለ። ሾፌሩ ትንሽ አሰበና፣ ታዲያ ያ ሁሉ የወንበር ወቀሳ፣ ወንበሬን ይቅርታ ልጠይቀው ነው ማለት ነው አለ። ቦርጮ ከምሰሶው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ ቦታዬን ለማንም አልሰጥም አለ። አሰልጣኙ ሁሉንም ጀርባቸውን ወደ መስታወቱ አዙሮ፣ እሱ በመካከላቸው እየተዘዋወረ፣ በቃል ብቻ አሠራቸው። ሁለት ሦስቱ ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ ዓይናቸው የሚያርፍበት ሰው አጥቷል። አሰልጣኙ ሲወጣ ሻምፒዮንን በመስኮቱ አየው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ግራና ቀኙን ተመለከተና፣ ጠዋት በተመለሱት ሁለቱ ሚዛኖች ላይ ወጣ።

ቅዳሜ ዕለት ፈተናው በሚካሄድበት ሜዳ ዙሪያ ረጅም የቆርቆሮ አጥር ነበረ። ቤተ ዘመድ መግባት ስለማይፈቀድለት ከውጭ ሰብሰብ ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዲት እናት ዣንጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። አሰልጣኙ ግን ከአጥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ጥበቃው ቢሰለቸው፣ ወንድሜ መሬቱን ልትቆፍረው ነው እንዴ አለው።

ምንም አይታይም፤ ይሰማል። በድምፅ ማጉያ የተፈታኙ ቁጥር ይጠራል፤ የሩጫ ኮቴ፣ የከረጢት ውድቀት፣ የጎማው መፋተግ ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ ሰው ከመድረኩ ዘልሎ መሬት ሲመታ ዱብ ይላል። አሰልጣኙ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። ሁለት እግር እኩል ሲያርፍ ድምፁ አንድ ነው። አንዱ እግር ሲቀድም ድምፁ ይከፈላል። የተከፈለ በሰማ ቁጥር የማያውቀው ሰው ጉልበት እሱን ይወጋው ነበር።

የእህቱ ቁጥር ተጠራ። ኮቴዋን ለየው። ከረጢቱን ስታነሳ፣ ደረጃውን ስትመታ፣ ትንፋሿ ሲያጥር ተከተላት፤ በሆዱ ቀኝሽ ላይ ጨምሪ፣ ቀኝሽ ላይ ይላል። ጎማው ተፋተገ፤ ቆመ። አሁን መድረኩ ላይ ናት። ትንፋሹን ያዘ።

ዱብ የሚል ነገር አልመጣም።

ቆየ። አሁንም አልመጣም። መድረኩ ላይ ቀርታለች ወይ፣ ወድቃ ነው ወይ፣ መሰላሉ ላይ ሳለች ጉልበቷ ከድቷት ይሆን። ወደ በሩ ሮጠ፤ ጥበቃው በእጁ ደረቱን ያዘው። የሌላ ሰው ቁጥር ተጠራ። ያ ሰው ሮጦ፣ ተሸክሞ፣ ጎትቶ፣ ዘልሎ ሲጨርስ እንኳ እሷ አልወጣችም።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አሸዋ የለበሰች ሆና ወጣች። እሱ ዓይኑን ወደ ጉልበቷ ጣለ። ሁለቱም እግር እኩል ይረግጣል።

«ጉልበቴን አትይ። ፊቴን እይ» አለችው።

አየው። ቀልታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ከላይ ሆኜ ሁሉም እያዩኝ በመሰላል ወረድኩ አለች። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ሳቀብኝ። ይህን ብላ ከረጢቱ ያሳመማትን ትከሻ እያሸች ከፊቱ ቀደመች፤ እሱም ከኋላዋ ተከተላት።

በሚቀጥለው ሳምንት የተፈታኞች ውጤት ሲለጠፍ እሷ በተጠባባቂነት ተያዘች። ከተቀጠሩት አንዱ ካልመጣ ትጠሪያለሽ ተባለች። እስከዚያው ወደ ጨርቅ መሸጫው ተመለሰች፤ ማታ ማታም ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ መለማመዷን ቀጠለች።